ከግቢያችን አልወጣ ያለው ትራክተር

ባለፈው ሰሞን ከጎተራ ወደ መስቀል አደባባይ ስመጣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ናፍጣ ለመቅዳት ከተሰለፉ የጭነት መኪናዎች ጎን ተገትሮ ቀረ። መስኮቱ አይዘጋም። ሽታው ገብቶ አፍንጫዬ ውስጥ ተቀመጠ። አጠገቤ ያለችው ወጣት በሻርፗ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን ሳላስበው ቀኝ እጄን ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው ጨብጬው አገኘሁት። ዕድሜዬ አርባን ተሻግሯል፤ መኪና የለኝም፣ መንጃ ፈቃድም አላወጣሁም። ቁልፍ ማዞር የተማርኩት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ ካዛንቺስ፣ ግቢያችን መሃል በቆመ ትራክተር ላይ ነው። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ትራክተር የጠላሁት ነገር አልነበረም።

ግቢያችን ድሮ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ስለነበር በሩ ሰፊ ነው፤ ትልቅ መኪና ያስገባል። ውስጡ የቀበሌ ቤቶች ተደርድረው፣ መሃሉ ለሁላችንም የጋራ ነበር። ልብስ የሚሰጣው እዚያ፣ በርበሬ የሚደርቀው እዚያ፣ እኛም ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው እዚያ። አንዱን ጥግ አባቴ ሰዒድ ይዞታል። አባቴ መካኒክ ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡትን ትንንሽ ታክሲዎች ይጠግን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ሰዒድ ከነካው ይነሣል» ይለዋል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ምንም እንዳልሰማ ሰው አንገቱን ሞተር ውስጥ ይቀብራል። ግን ደስ እንደሚለው ከጆሮው መቅላት አውቅ ነበር።

ግንቦት እንደገባ አንድ ቅዳሜ አጎቴ ይማም ያረጀ ትራክተር በጭነት መኪና አስጭነው ከአርሲ መጡ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በልጅነታቸው ከቤተሰቡ ጋር ከወሎ ወጥተው አርሲ ገብተው በእርሻ ሥራ የኖሩ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ትራክተሩን የገዙት ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጋግዘው ነው። እዚያ ያሉ መካኒኮች ነካክተውት ሲያቅታቸው «አዲስ አበባ የናፍጣ ፖምፓ የሚፈትሹ አሉ፣ እዚያ ውሰደው» አሏቸው። እሳቸውም ወንድሜ አለ ብለው መጡ። ሰኔ ሳይገባ መሬቱ ካልታረሰ የሦስት ቤተሰብ የዓመት ስንዴ የለም ማለት ነው።

ከመኪናው ላይ ሲያወርዱት ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። አባቴ ገርሞት «ይሠራል እንዴ?» አለ። አጎቴ ከመሪው ላይ ሆነው «ይሠራል፤ ግን አይበረክትም» አሉ። እየነዱት በሩን አልፈው ገቡ። ግቢው መሃል፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሲደርስ ድምፁ ደከመ፣ ተንተባተበ፣ እንደ አስም በሽተኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ጸጥ አለ። እዚያው ቀረ።

ሕመሙ ይህ ነበር። ጠዋት ሲነሣ አንበሳ ነው። ጋዙን ከፍ አድርገው ሲያስጮኹት የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ጉልበቱ እየተነጠቀ ይሄድና ይሞታል። ከዚያ አባቴ የነዳጁን ታንከር፣ በመካኒክ አፍ ሰልባቲዮውን፣ አስከፍቶ ናፍጣ መኖሩን ያያል። አለ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አድርጎ የእጅ ፓምፗን እየደጋገመ ይጫናል፤ አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ እየተፋ ይወጣል። አረፋው ሲያልቅ ብሎኗን ያጠብቃል። ከዚያ ይነሣል። ሩብ ሰዓት ሠርቶ መልሶ ይሞታል።

«አየር እየሳበ ነው» አለ አባቴ በመጀመሪያው ቀን፣ እርግጠኛ ሆኖ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ በመስመሩ ትንሽ አየር ከገባበት ሞተሩ ይታነቃል እያለ አስረዳን። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ የተጠረጠረውን ቀይሮ፣ የመዳብ ቀለበቶቹን በአዲስ ተክቶ አሠረ። ሞተሩ ተነሣ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ሞተ። በማግስቱ «ቆሻሻ ነው» አለ። ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አራግፎ አጠበ፤ እውነትም ከሥሩ ዝቃጭ ወጣ። አዲስ ፊልትሮ ገባለት። እናቴ ዘሀራ ዱዓ አደረገች። ተነሣ፣ ሞተ።

የታንከሩ ክዳን ራሱን የቻለ ነገር ነበር። ዋናው ክዳን እርሻ ላይ ጠፍቷል። አጎቴ ከቆርቆሮ ክዳን ቆርጠው፣ ውስጡን በካላማዳሪያ ጎማ ለብጠው፣ ዙሪያውንም በዚያው ጎማ ጠፍረው አጥብቀው ያስሩታል። «ጠብታ ውሃ አያስገባም» ይሉ ነበር። ያየው ሁሉ አድንቆላቸዋል፣ አባቴም ጭምር። ሲከፈት ግን ያስቸግራል፤ ተጣብቆ እምቢ ስለሚል አጎቴ በካቻቢቴ ይፈለቅቁታል። ታይቶ ሲያበቃ መልሶ ማሰሩንም የሚያውቁበት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔን ሥራው ውስጥ ያስገቡኝ በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ እጁ ሞተሩ ውስጥ፣ አጎቴ እጃቸው ፓምፑ ላይ ስለሆነ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ጠፋ። የእኔ እግር ፍሬኑ ላይ ይደርሳል። «ሐያት ነይ እዚህ ላይ ውጪ» ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ የመውረጃዬ ቀን ጠፋ። ሚኒስትሪ ልፈተን ሳምንታት ነበር የቀሩኝ። መጽሐፌን ጭኔ ላይ አድርጌ መቀመጫው ላይ እወጣለሁ። ስለ ፎቶሲንተሲስ አንድ መስመር አነባለሁ። «አዙሪ!» አዞራለሁ። «በቃ!» አቆማለሁ። ያንኑ መስመር መልሼ አነባለሁ። የደንብ ልብሴ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ፤ ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ራቅ አደረገች። ማታ ዓይኔን ስከድን ሞተሩ ሲንተባተብ ይሰማኛል። ለእናቴ አንድ ቀን እያለቀስኩ «ይሄ ነገር እስኪሄድ አክስቴ ጋ ልሂድ» አልኳት። «አባትሽስ? እሱስ የት ይሂድ?» አለችኝ።

አባቴን ያየሁት ያኔ ነው። ምግብ ቀርቦለት እጁን ሳይታጠብ ግድግዳ ያያል። የታክሲ ደንበኞቹ መጥተው ይመለሳሉ። አጎቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆመው ወደ ሰማይ ብቻ ያያሉ። ደመና ባዩ ቁጥር አባቴ ይጎብጣል።

በዚህ ላይ ሰርግ ነበር። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ አስካለ፣ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ ልጃቸውን ሊድሩ ቀን ቆርጠው ጨርሰዋል። ድንኳኑ የሚተከለው ግቢው መሃል ነው። ግቢው መሃል ትራክተር አለ። በመጀመሪያው ሳምንት «አይዞህ ሰዒድ» አሉ። በሁለተኛው ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ቀኑ ሲቃረብ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ትራክተሩን አንዴ ዞሩት።

«ሰዒድ፣ ልጄን ጎማ ላይ ላስቀምጣት?» አሉ።

«እትዬ፣ ነገ ይወጣል።»

«ነገ ነገ ስትለኝ ሰነበትክ እኮ። ጾሙ እንደ አንተ ነገ አይልም።»

ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ በዚያን ቀን ጠዋት ተፈትቶ ለምርመራ ሄዷል። ያለ ፖምፓ ሞተሩ ሩብ ሰዓት እንኳን አይሠራም፤ ሬሳ ነው። አባቴ ይህን ሲነግራቸው እትዬ አስካለ ግንባራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ በሩ ሄዱ። ወጥተው መንገዱ ላይ ቆመው የሰዎች ስም መጥራት ጀመሩ።

ሰው መጣ። ከጸጉር ቤቱ መላጫውን እንደያዘ የወጣ ነበር። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች፣ የሥጋ ቤቱ ሠራተኛ ከነሽርጡ፣ ከመስጊድ የሚመለሱ አዛውንት፣ ሙሽራዋ ራሷ ጸጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች። እኔ መሪው ላይ ነኝ። አባቴ ከጎን ሆኖ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይለኛል። መሪው እንደ ድንጋይ ከብዶ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ገፋ፣ ትራክተሩ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ተሳደቡ። ተሳሳቁ። እንደገና ገፉት። የኋላው ትልቅ ጎማ የበሩን ደፍ የተሻገረው የሁሉም ፊት በላብ ከራሰ በኋላ ነው። አጥሩን ተጠግቶ መንገድ ዳር ቆመ። እትዬ አስካለ ከትራክተሩ ጋር ሰላም እንደፈጠሩ ሁሉ መከለያውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እንግዲህ እዚህ ተቀመጥ» አሉት።

ሰርጉ ተሰረገ። የሙስሊሙን ምግብ እንደ ሁልጊዜው እናቴ ሠራች። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ ግን የበላውን አላወቀም። አጎቴ ጨዋ እንግዳ ሆነው ለሙሽሮቹ መረቁ።

ፖምፓው ሰኞ ተመለሰ። «ምንም የለበትም» ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ ያላለው ብቸኛው ሰው ሳይሆን አይቀርም። አሁን ሥራው መንገድ ላይ ሆነ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ባትሪው ነው ይላል። አንዱ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተደፍነው ነው። አንድ ሽማግሌ ዓይን በልቶት ነው ብለው ምራቃቸውን እንትፍ አሉበት። አባቴ ፖምፓውን ገጥሞ፣ አየሩን አስወጥቶ «አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ። ተነሣ። ያ የታወቀው ሩብ ሰዓት አለፈ። ድምፁ ደከመ። እኔ ከሞተሩ ቀድሜ አውቄው ነበር፤ መጽሐፌን ዘጋሁት። ሞተ።

አጎቴ ክዳኑን ፈልቅቀው ከፈቱ። ናፍጣ አለ። አባቴ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ» አለ። «ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«አላውቅም ለማለት ይሄን ሁሉ ቀን ጠበቅክ?»

«መሞከር ነበረብኝ።»

«እኔን አይደለም ያስጠበቅከው። መሬቱን ነው። ዝናቡ ሰዒድ አልጨረሰም ብሎ አይቆምልኝም።»

«እዚያ ያሉትም አቅቷቸው አይደል ያመጣኸው?»

«ያመጣሁት ወንድሜ አለ ብዬ ነው» አሉ አጎቴ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። «አባታችን የሞተ ጊዜም በሬዎቹን እኔ እጅ ላይ ጥለህ ስትሄድ እርሻ አላውቅም ነበር ያልከው። አላውቅም ማለት ትችልበታለህ።»

የአባቴ ጆሮ ቀላ፤ ግን ይሄኛው የደስታ መቅላት አልነበረም። አጎቴ ክዳኑን ከነጎማው መቀመጫው ሥር ወርውረው፣ ትራክተሩን እንደመጣ ጭኖ የሚመልስ መኪና ሊፈልጉ ወደ ጎተራ አቅጣጫ ሄዱ። ሄደው ከዓይናችን እስኪጠፉ አባቴ አንገቱን አላቀናም። እኔ መውረድ ፈለግሁ። ግን እሱ እንደዚያ ሆኖ እያየሁት መውረድ አልቻልኩም።

ከዚያ አባቴ ተነሥቶ የእጅ ፓምፗን ያለ ተስፋ መጫን ጀመረ። አቧራ እንዳይገባ አንድ ቁራጭ ካርቶን ታንከሩ አፍ ላይ ጣል አደረገ፤ የአጎቴን ክዳን ማሰር አያውቅበትም፣ በዚያ ሰዓትም ሊነካው የፈለገ አይመስለኝም። «አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ። ተነሣ። ጋዙን ከፍ አደረገው። ሁለታችንም መሞቻውን ጠበቅን።

አልሞተም። አንድ ገጽ አነበብኩ፤ አልሞተም። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ከመስጊዱ የዐስር አዛን ተሰማ፣ አለቀ፤ ሞተሩ አልተንተባተበም። እናቴ ከበሩ ብቅ ብላ «ምን አደረግከው?» አለችው። «ምንም» አለ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ያልገባው ነገር ሲሠራ እንደ ሞተሩ ሞት ያናድደው ነበር። ዙሪያውን እየዞረ ቱቦዎቹን በጣቱ ይነካል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

አጎቴ ጫኝ መኪና ተስማምተው ሲመለሱ ድምፁን ገና ከመታጠፊያው ሰምተውታል። ሰውየው ሲሮጡ ያየሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው። መጥተው ሞተሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ካርቶኑን አዩና «ቆሻሻ ይገባበታል እኮ» ብለው ክዳኑን ከመቀመጫው ሥር አንሥተው እንደ ወትሮው ጠፍረው አሠሩት። አባቴ አጠገባቸው ቆሟል። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆመው ሞተር ያዳምጣሉ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን ድምፁ ደከመ። ተንተባተበ። ሞተ።

ከዚያ በፊት ሞተሩ በሞተ ቁጥር ጫጫታ ነበር፤ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ያን ጊዜ ግን የሚናገር ሰው አልነበረም። አጎቴ በልማድ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ክዳኑን ሲፈለቅቁት ታንከሩ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ውሃ ውስጥ ብዙ ቆይቶ እንደወጣ ሰው። እኔ መቀመጫው ላይ ሆኜ ሰማሁት፣ እናቴም ከበሩ ሰማችው። አጎቴ ክዳኑን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ነገሩን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ናፍጣው በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት ነበረበት፤ መግቢያ አጥቶ ታንከሩ ናፍጣውን ወደ ራሱ ይዞ ያስቀር ነበር። እኛ ደግሞ በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የምናደርገው ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። መድኃኒቱን እየሰጠነው፣ ያዳነው ሌላ ነገር ይመስለን ነበር።

አጎቴ ክዳኑን ገልብጠው ጎማውን አዩ። «ሰዒድ» አሉ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ያንን ሁሉ ቀን ማስታወስ ይችል ነበር። የተመለሱትን ደንበኞች፣ ስለ በሬዎቹ የተባለውን። እኔ ቁጣ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ክዳኑን ከእጃቸው ተቀብሎ «ዝናብ እንዳይገባበት ብለህ ነው፣ ጋሼ» አለ። ምስማር አምጥቶ መሃሉን በሳው። ከላይ ዝናብ እንዳያስገባ ትንሽ ቆርቆሮ አጥፎ ሠራለት። አጎቴ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ቆርቆሮውን ያዙለት። ስለ በሬዎቹ ጉዳይ በዚያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ግን ማታ ከአንድ ሳህን ሲበሉ አጎቴ ለአባቴ አጎረሱት፤ አባቴም እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ።

ትራክተሩ በማግስቱ ተጭኖ ሄደ። ከቀናት በኋላ እትዬ አስካለ ቤት ስልክ ተደወለ፤ የግቢው ስልክ እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። እየሮጡ መጥተው በሩ ላይ ቆመው «ሰዒድ፣ እያረሰ ነው አሉህ!» አሉ። ከአባቴ ይልቅ እሳቸው ናቸው የጮኹት። ሚኒስትሪውን እኔም አለፍኩ፤ የጠበቅሁትን ያህል ውጤት ግን አላመጣሁም። ፎቶሲንተሲስ መጥቶ ነበር።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ሰፈሩ ሲፈርስ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን። ቦታው ላይ ሰፊ መንገድ ወጥቷል፤ ያማረ መንገድ ነው፣ በሩ የት እንደነበር ግን ቆሜ ማወቅ አልቻልኩም። አጎቴ ወደ አኼራ ሄደዋል። እናቴም ተከትላቸዋለች። አባቴና እኔ ከከተማው ጠርዝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን።

ባለፈው ክረምት የሕንፃው የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። ውሃ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። የነዋሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቀኑን ሙሉ ይጻፋል፤ ኮሚቴው ይወቀሳል፣ አንዱ አንዱን ይመልሳል፣ የተናደደ ፊት ይለጠፋል። እኔም ጽፌያለሁ። አንድ ጠዋት አባቴ ጫማውን አድርጎ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ ደረጃውን ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁትና በመስኮት ተከተልኩት። ፓምፑ ያለበት ክፍል በር ላይ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። አልተመለሰም። እዚያው ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ መስኮቶቹን ማየት ጀመረ፤ አንዱን ፎቅ፣ ከዚያ ሌላውን። ሰው እስኪወጣ እየጠበቀ ነበር። ስልኬ እጄ ላይ ያንጫርራል፤ አዲስ መልእክት፣ ሌላ አዲስ መልእክት። መስኮት የከፈተ ግን የለም።

ስልኩን አልጋው ላይ ጣልኩት፣ ሹራቤን ደረብኩና ወረድኩ።